ፀሐይ የሚሞቁ የባትሪ ድንጋዮች

ዛሬ ጠዋት የእጅ ባትሪዬ ደከመብኝና ድንጋዮቹን አውጥቼ፣ ሳላስበው፣ ፀሐይ የሚመታው የመስኮት ደፍ ላይ ደረደርኳቸው። ሱቁ ከቤቴ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ አዲስ መግዛት እችል ነበር። እጄ ግን የለመደውን አደረገ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳነሳቸው ሞቀዋል፤ የዛገ ብረትና የጋለ ካርቶን የሚመስለው ሽታቸውም አብሮ ተነሳ። ሽታውን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ቤት ግን ከሽሮው ሽታ ቀጥሎ የሚታወቀው ሽታ ይኸው ነበር።

መካነ ሰላም ያኔ፣ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የጀነሬተር መብራት ማታ ማታ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ብቻ የሚያይ ከተማ ነበር። እኛ ሰፈር ደግሞ እሱም አልደረሰም። ሬዲዮውም ቴፑም የሚሠሩት በድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ በቤታችን ሕግ ነበረው። ሕጉን ያወጣው ልብስ ሰፊው አባቴ ነው። አዲስ ድንጋይ መጀመሪያ የሚገባው ሬዲዮው ውስጥ ነው፣ ለዜና። የዜና አንባቢው ድምፅ ሲሰልል ድንጋዮቹ ጡረታ ይወጡና ቴፑ ውስጥ ይገባሉ። እዚያም ሲደክሙ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ካብ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከፀሐይ ሲመለሱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራሉ። ስለዚህ በእኛ ቴፕ የሚሰማ ዘፈን ሁሉ የሚጎተት ነበር፤ ዘፋኝ ሁሉ ከእንቅልፉ የነቃ ሽማግሌ ይመስላል። ሌላ ቤት ሄጄ ዘፈን ስሰማ ምን ያስቸኩላቸዋል እል ነበር።

እናቴ ወደ ወፍጮም ይሁን ወደ ለቅሶ ስትወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብላ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር። «ድንጋዩን እንዳትጨርሺው!» ሌላ ምክር አትመክረኝም። ሌላውን ጥፋቴን ሁሉ የምትችለው ይመስለኛል።

ቴፑ እኛ ቤት የገባው በእህቴ ምክንያት ነው። እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች በኋላ በመጀመሪያ የላከችልን ቴፕ ነው፤ በላዩም ላይ አንድ ካሴት። በዚያ ዘመን የዓረብ አገር ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ ደብዳቤ ትቶ በካሴት ነበር የሚነጋገረው። እህቴ ከማድ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ታወራለች፤ ከኋላዋ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ፣ አልፎ አልፎም የአዛን ድምፅ ይሰማል። እኛ ከአንድ ሦስት ጊዜ ከሰማነው በኋላ በዚያው ካሴት ላይ የእኛን ድምፅ ቀድተን እንመልስላታለን። እሷም የእኛን አጥፍታ የሷን ትቀዳለች። አንድ ካሴት እንዲህ እየተደመሰሰ ቀይ ባሕርን አራት አምስት ጊዜ ይሻገር ነበር። ለመቅዳት ብቻ ሕጉ ይነሳል፤ አባቴ አራት አዲስ ድንጋይ ገዝቶ በቀጥታ ቴፑ ውስጥ ያስገባል። «የልጄ ጆሮ በደከመ ድንጋይ አይጎዳም» ይል ነበር።

የእኔ ካሴት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ፈረንጅ ነበረች፣ የእንግሊዝ አገር ሰው። አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየችው። ከአማርኛ ቀድማ የያዘችው «አብሽሩ» የሚለውን ያገራችንን «አይዟችሁ» ነው፤ ስለወደደችው ለሁሉም ነገር ትለዋለች። ጠመኔ ሲያልቅ አብሽሩ፣ ፈተና ስንወድቅ አብሽሩ። ስትሄድ ዕቃዋን አከፋፈለች። የዝናብ ካፖርቷ ለዘበኛው ደረሰው፣ ማንቆርቆሪያዋ ለአከራይዋ፣ ለእኔ አንድ ካሴት። «ያገሬ ልጆች ናቸው» አለችኝ። «ስታዳምጪ ቃላቱን ጻፊ።»

የካሴቱ ሽፋን ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጊታር ይዘው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማዩ ጭጋግ ነው። ከኋላቸው በጎች አሉ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየውና «እነዚህ ሰዎች በሐምሌ እዚህ እኛ ቦረና ምን ይሠራሉ?» አለ። እውነትም አገራችንን ይመስል ነበር። እንግሊዝ እንዲህ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንግሊዝ ሲባል የሚታየኝ ወደ አቀስታ ሲወጣ ያለው ደጋ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ድንጋዮቹ ፀሐይ ሞቀው ከሆነ፣ አዳምጣለሁ። ከበሮ የለ፣ መለከት የለ፤ ሁለት ጊታር ብቻ፣ ላላ ባሉ ክሮች ላይ እንደሚሄድ ጣት። ወንዱ በወፍራም ድምፅ ይዘፍናል። አንዳንድ ጊዜ ሌላ፣ ትንሽ ቀጠን ያለ የወንድ ድምፅ ያግዘዋል፤ ሦስተኛ ሰው ፎቶው ላይ ያልወጣ መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ ጊታሯን ይዛ ዝም የምትል ይመስለኛል። ታሳዝነኝ ነበር። አገሯ ሴት አይዘፍንም እንዴ እላለሁ። ዘፈኖቹ ሁሉ የሐዘን ናቸው ብዬ ወስኛለሁ። ስለሚጎተቱ ግን ቃላቱን ለመልቀም ይመቹኛል፤ አንድ መስመር ሰምቼ አቆማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ። ስለ ውኃ ወፍጮ የሚያወራ አለ፣ ስለ መርከብ የሚያወራ አለ። ባሕር አላውቅም፤ መርከቡን በአባይ ላይ አድርጌ ነበር የማስበው። ዛሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ስናገር እንደምጎተት በሳቅ ይነግሩኛል፤ ከማን እንደተማርኩት አልነግራቸውም።

እናቴ የታመመችው አስተማሪዋ በሄደች በቀጣዩ ዓመት ነው። እግሯ ያብጥ ጀመር። ሁለት ቃል ተናግራ መሃል ላይ አየር ትስባለች። አባቴ ደሴ ወስዷት ልቧ ደክሟል ተብላ ክኒን ይዛ ተመለሰች። ከመታመሟ በፊት ወሬኛና ሳቂታ ነበረች፤ አሁን ንግግሯ ከበደ፣ ድምፅዋ ወደ ታች ወረደ። መታመሟን ሰፈሩ ሁሉ በድምፅዋ ነበር የሚያውቀው። ሰላምታዋን የሰማ ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ብሎ ደግሞ ይጠይቃታል።

በዚህ መሃል የእህቴ ካሴት መጣ። ሦስታችን ተቀምጠን ሰማነው። የሥራ ውሏ ከሐጅ በኋላ ያበቃል። «እማ፣ ሁለት ዓመት ጨምሪ ይሉኛል፤ ደህና ከሆንሽ እጨምራለሁ» አለች። «ካልሆንሽ ግን ወሏሂ አልቆይም፣ እመጣለሁ። በሰው አታጽፊ፤ ወረቀት ሁሉ ደህና ነን ነው የሚለው። ድምፅሽን ልስማው። ድምፅሽን ከሰማሁ እኔ አውቀዋለሁ።»

አባቴ ቁልፉን ተጭኖ አቆመውና እናቴን አያት። «ንገሪያትና ትምጣ» አላት።

 ልጅን ነይ ማለት ለእናቴ ከባድ ነገር ነበር፤ የሰው ልጅ እንጀራውን ካገኘበት ቦታ ጠርቶ ማምጣት ነውር ነው ብላ ታምናለች። አባቴ ከወጣ በኋላ፣ እግሯን በሞቀ ውኃ ሳጥባት፣ ለኔ እንዲህ አለችኝ። «ደህና ነኝ ነው የምላት። ታሜያለሁ ብዬ ልጄን አልጠራም። ግን ድምፄን ስትሰማ ታውቀዋለች። አትሰማኝም ብለሽ ነው?» ከዚያ ፈገግ አለች። ሁሉንም ጨርሳ አስባበታለች። በአፏ አትጠራትም፤ ትንፋሿ ይጠራታል። የእኛ አገር ሰው ይህን ዓይነት ነገር ያውቅበታል፤ «አልፈልግም» እያለ ይለምናል፣ ሰሚው መስማት አለበት።

ሐጅ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሩን። ካሴቱን ይዘውልን ጅዳ ላይ ለአንዲት ያገር ልጅ ሊያደርሱልን ቃል ገቡ። አባቴ አራት አዲስ ድንጋይ ገዛና በወረቀት ጠቅልሎ እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። መንገደኛው ሊሄዱ አሥር ቀን ቀርቷቸው ነበር። እናቴ ትንሽ ትንፋሽ እስክታገኝ ይቆይ ተባለ።

ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተዘግቷል። አባቴ ገበያ ላይ ከስፌት መኪናው ጋር ነው፤ እናቴ ቀን ቀን ጎረቤት ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ቴፑ አለ፣ ሳጥኑ ቁልፍ የለውም። አንድ ጊዜ ብቻ አልኩ። አንድ ዘፈን በአዲስ ድንጋይ ሰምቼ እመልሰዋለሁ።

ቁልፉን ስጫን የሰማሁትን ዛሬም አልረሳውም። ካሴት የሳትኩ መስሎኝ አውጥቼ አየሁት። የኔው ነው። ጊታሮቹ እየሮጡ ነበር። ሐዘን ያልኩት ዘፈን የጭፈራ ዘፈን ነው! ወፍራሙ ድምፅ ሽማግሌ ሳይሆን ገና ጢም የሚያበቅል ወጣት ነው። ያ ሦስተኛው ወንድ፣ ፎቶ ያልተነሳው፣ ሴትየዋ ናት። ሙሉውን ካሴት ከሱ እኩል ስትዘፍን ኖራለች፤ እንዲያውም በአንዱ ዘፈን መሃል ሳቅ ያመልጣታል። እኔ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለች መስሎኝ አዝኜላት ነበር። ጉልበቴ እስኪዝል ብቻዬን ጨፈርኩ። እስክስታም አይደለም፣ ምንም አይደለም፤ ዝም ብሎ መዝለል ነው።

አንድ ዘፈን የተባለው ፊቱንም ጀርባውንም ሆነ። በማግስቱም ደገምኩ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ፣ በጠዋት ጀምሬ፣ የአባቴ እግር እስኪሰማ። አምስት ቀን ይመስለኛል። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ ድምፅዋ መወፈር ጀመረ። ቀስ በቀስ ወደ ወንድነቷ ተመለሰች። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ድንጋዮቹን አውጥቼ ፀሐይ አስሞቅኋቸው፤ ምንም አልፈየደም። እንደነበሩ በወረቀት ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ መለስኳቸው። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ ነገ አልኩ።

የመቅጃው ቀን ደረሰ። እናቴ ጥሩ ነጠላዋን ለብሳ ተቀመጠች፤ ድምፅ ብቻ ቢሆንም ለልጇ ልትቀርብ ነውና። አባቴ እንደ ልማዱ የእህቴን ካሴት ሊያስገባ ሲል ግን እጁን ያዘችው። «ይኸንንማ አታጥፋው» አለችው። «ዘንድሮ ልጄን አላጠፋም።» አባቴ ባዶ ካሴት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ሐጅ የሚሄደው ሰው ብዙ ስለነበር አልቋል። ጎረቤታችን ደግሞ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሄዳሉ። አባቴና እናቴ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ሌላ ካሴት ያለኝ እኔ ነኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር። ያን ቀን ግን ልሟገት የምችልበት አፍ አልነበረኝም። «ፊቱን ተዉልኝ፣ ጀርባው ላይ ይሁን» አልኩ። ፋብሪካ የተቀዳ ካሴት አናቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ በላዩ እንዳይቀዳበት። ወረቀት አኝኮ ከጠቀጠቁበት ይቀዳል፤ ይህን የማያውቅ የመካነ ሰላም ልጅ አልነበረም። ከደብተሬ ቀድጄ አኘኩና ጠቀጠቅሁበት። አባቴ ድንጋዮቹን ከወረቀታቸው ፈትቶ አስገባ። አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ቀዩን ቁልፍ ተጫነ፣ መንኮራኩሮቹ ዞሩ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ» አለች እናቴ። ተነፈሰች። «እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።» ተነፈሰች። «አባትሽም ደህና ነው። ታናሽሽ ትምህርቷን ይዛለች። ላሚቷ ወልዳለች። ስለ እኔ አታስቢ። አብሽሪ።» እንዲህ እያለች ሩብ ሰዓት ያህል አወራች፤ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ አዲሱ አጥር። የምትለው ሁሉ ደህና ነው። የምትልበት ድምፅ ግን ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውኃ በስንት ጉተታ የሚወጣ ነበር። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ካሴት ከመላኩ በፊት መልሶ ማዳመጥ ደንብ ነው። አባቴ ወደኋላ አጠነጠነውና ከፈተው። አሁን ይታወቃል አልኩ። እናቴ ግን ልክ እንደተናገረችው ሆና ወጣች፤ ያው ክብደት፣ ያው ትንፋሽ። ምንም ጉድለት የለውም። አላህ ገመናዬን ሸፈነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ቀላል ነው። ደክሞ የቀዳ ቴፕ ደክሞ ሲያሰማ ልክ ይመስላል። ጅዳ ውስጥ ግን ቴፑ የሚሠራው ከግድግዳ በሚመጣ መብራት ነው፣ ያ ደግሞ አይደክምም።

መልሱ ከሁለት ወር ያህል በኋላ በእኒያው ጎረቤት እጅ መጣ። ሐጂ ተብለው ነጭ ለብሰው ነበር ያመጡት። ሦስታችን እንደገና ተቀመጥን። እህቴ ገና ከሰላምታዋ ትስቅ ነበር። «እማ! ድምፅሽ እንዴት ደስ አለኝ!» አለች። «ወጣት ሆነሻል እኮ። እንደ ኮረዳ ነው የምታወሪው፣ ትንፋሽ እንኳ አትወስጂም። የካሴቱም ነገር ይሆናል ቀጠን ብሏል፣ ቢሆንም ደህንነትሽን ሰማሁ። እንግዲያው ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ። ስመጣ ቤቱን እናድሰዋለን።»

ያኔ ገባኝ። በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ድምፅ በማይደክም መብራት ሲከፈት ይሮጣል፣ ይቀጥናል። ያችው የዘፈኑ ሴትዮ ናት፤ ከወንድነት ወደ ሴትነቷ የተመለሰችው፣ እየሳቀች የዘፈነችው። እናቴም ባሕሩን ስትሻገር እንደሷ ሆናለች። ፈጥና፣ ቀጥና፣ ወጣት ሆና። አፌን ከፍቼ «ድንጋዩን የጨረስኩት እኔ ነኝ» ብል፣ አባቴ በሦስተኛው ቀን ደሴ ሄዶ ስልክ ይደውል ነበር። ውሉ ይፈርስ፣ አይፈርስ አላውቅም። ቢያንስ ትሰማ ነበር።

እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ለአባቴ ሳይሆን ለራሷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰማችኝና ቀረች» አለች። የእህቴ ደስታ ላለመምጣት የተሰጠ ሰበብ መሰላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አልተናገርኩም። ቅጣት ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው፤ አባቴ መትቶኝ አያውቅም። ያፈርኩ ይመስለኛል፣ ሌላም ነገር አለ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እናቷ ትሞታለች ብላ አታስብም። ጊዜ ያለ ይመስለኝ ነበር። እናቴ በአምስተኛው ወር ሞተች። በእነዚያ አምስት ወራት የደሴ አውቶቡስ ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር ከመደቡ ላይ ቀና ትል ነበር፤ ከዚያ እንደገና ትጋደማለች። የጠበቀችው ሰው እንዳለ አንድም ቀን አልነገረችንም።

እህቴ ውሏን ጨርሳ መጣች። እናቴ የተናገረችበትን ካሴት ሳታጠፋ በሻርፕ ጠቅልላ ይዛዋለች። ኋላ፣ ከተማችን ቀን ከሌሊት መብራት ሲያገኝ፣ ጅዳን ትታ አገሯ ገብታ ቀረች፤ አግብታ ወልዳ አሁን ከኔ ቤት በላይ ባለው መንገድ ዳር ሱቅ አላት፤ ድንጋዩን የምትሸጠው እሷ ናት። በየዓመቱ ለእናታችን ሰደቃ ስናወጣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ካሴቱን ሰካ አድርጋ በመብራት ታሰማለች። ቀጭንና ፈጣን ድምፅ ደህና ነኝ ይላል። እህቴም በየዓመቱ ያንኑ ትደግማለች። «እኔ ነኝ መስማት ያቃተኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር እኮ። ጆሮዬን ምን ደፈነው?» አባቴ በሕይወት ሳለ ሊያጽናናት ይሞክር ነበር። እኔ ሳህን አነሳለሁ።

ጥፋት በከበደ ቁጥር መናገሩ ይከብዳል ይባላል እንጂ እንዲያ አይደለም። ጥፋቱ ትንሽ ሲሆን ነው ለመናገር የሚከብደው። ገደልኩ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ዘፈን ሰማሁ ማለት ግን አፍ ይይዛል። እኔ ዘፈን ነው የሰማሁት።

ባለፈው ሰደቃ ላይ ተናገርኩ። ለምን ያን ቀን እንደሆነ እንጃ። እህቴ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀች፣ ጆሮዬን ምን ደፈነው አለች፣ ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ሸብቶ አየሁት። ሳህኑን አስቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ሳጥኑን፣ አምስቱን ቀን፣ ጭፈራውን፣ «ሰማችኝና ቀረች» ያለችውን ሳይቀር። ያችን የመጨረሻዋን መንገር አልነበረብኝም ይሆናል። አንዴ ከጀመርኩ ግን ማቋረጥ አልቻልኩም።

እህቴ ካሴቱን አውጥታ እጇ ላይ አገላበጠችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። «ታዲያ» አለች በመጨረሻ፣ «የእማ ድምፅ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። እዚያው ካሴቱ ውስጥ ነው» አልኳት።

የአባቴን ቴፕ አስቀምጬው ነበር። ካሴቱን የሚያዞረውን ጎማ አስለወጥኩት። ድንጋይ ግን አዲስ አይሆንም፤ የደከመ ነው የሚያስፈልገን፣ ያውም ልክ ያኔ የደከመውን ያህል። እህቴ ከሱቋ አራት ትልልቅ ድንጋይ አመጣች፣ እኔም ፊቱን፣ የጊታሮቹን ወገን፣ እየከፈትኩ ማድከም ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ሆን ብዬ ስጨርስ! ቀን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍቱን ትቼው ደብተር አርማለሁ። ሁለቱ ወጣቶች በደስታ እየሮጡ ይዘፍናሉ፣ ከዚያ መራመድ ይጀምራሉ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እህቴ ሱቋን ለልጇ ትታ ትመጣለች። ጀርባውን እናዞራለን። «ገና ነው» ትላለች። በማግስቱ «ገና ነው።» በሦስተኛው ቀን «ቀርባለች» አለች።

በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ ወደ ምንጣፉ ወርዳ ሳለ፣ ቁልፉን ተጫንኩት።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ።» ትንፋሽ። «እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።» ትንፋሽ።

እህቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እናታችን ነበረች። ደክማ፣ ከብዳ፣ በየሁለት ቃሉ አየር እየሳበች፣ ደህና ነኝ እያለች የምትጣራ። አንድ ጊዜ ለሰማት ሰው መታመሟ የሚያጠራጥር አልነበረም። ስለ ላሚቷ ነገረችን፣ ስለ በረዶው፣ ስለ አጥሩ። «አብሽሪ» አለች። እህቴ፣ ካሴት መሆኑን የረሳች ይመስል፣ «እሺ እማ» አለቻት። «ሰምቼሻለሁ።»

እናቴ ጨረሰች። አባቴ ያኔ የተጫነው ቁልፍ ቀጭ ሲል ተሰማ፣ እናም ያልተደመሰሰው የዘፈኑ ቅሪት ካቆመበት ቀጠለ። ሁለት ጊታር፣ በጣም የሚጎተት። ሴትየዋ በወንድ ድምፅ ስለ ውኃ ወፍጮው ትዘፍን ነበር፤ እኔ በልጅነቴ የማውቃት ሴት። እህቴ ስለ ዘፈኑ ምንም አልጠየቀችኝም። ጥቂት አዳመጠችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ቴፑ አመለከተች።

«ዝጊው» አለችኝ። «ድንጋዩን እንዳትጨርሺው።»